ከባሻ አብተው ጀርባ

ከሽ፣ ከሽ፣ ከሽ። ባሻ አብተው በአዳማ ገበያ መካከል ሲያልፉ ከቀኝ ጎናቸው የሚሰማው ድምፅ ይኸ ነበር። ከበሬ ቀንድ ተጠርበው በበግ ቆዳ ከረጢት የታጨቁ ሠላሳ ሁለት የሰንጠረዥ ጠጠሮች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ። ሌላው ሹም ሲመጣ በበቅሎው ቃጭል ይታወቃል። ባሻ በቅሎ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ቀንድ ነው። ድምፁ የተሰማ እንደሆነ እህል የሚሰፍረው ቁናውን አስቀምጦ፣ ጠጉሩን የሚላጨው በግማሽ ራሱ ተነሥቶ ይከተላቸዋል። ከሁሉም ኋላ፣ የተጣጠፈውን ቀይ የሰንጠረዥ ጨርቅ በብብቷ ይዛ፣ የጆንያ መርፌዋን ነጠላዋ ላይ ሰክታ፣ ልጃቸው ዘርፉ ትሄዳለች።

ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ስለ ዘርፉ ማውራት የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። ድሬዳዋ ላይ አንድ አርመን ሰዓት ሠሪ አሸንፋ ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ ሱቁን አለመክፈቱን፣ ጅቡቲ ላይ ሙቀቱ ቢጠናባት እግሯን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራ መጫወቷን፣ ባሕር ተሻግራ ዓደን በገባች ጊዜ አንድ የእንግሊዝ መኮንን የወጥ ቤት ሠራተኛ መስላው «ምሳው ደርሷል ወይ» ብሎ ከጠየቃት በኋላ ምሳውን ሳይበላ ተሸንፎ መነሣቱን ያወራሉ። ከ፲፱፻፳፩ ዓ.ም. ጀምሮ የጣሊያን ጦርነት መንገዱን እስከዘጋው ድረስ ከስድስት አገር ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የተሸነፈችበትን የሚያነሣ ሰው የለም። እሷ ግን ታነሣው ነበር፤ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸንፋለች።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከባቡርም ከባሕርም አልነበረም። ከባሻ አብተው ጀርባ ነው።

ባሻ ከቡልጋ ወርደው አዳማ ላይ ኬላ ጠባቂ ነበሩ። ነጋዴው በግመልና በአህያ በሚጓዝበት ዘመን ሳይጎነበስላቸው የሚያልፍ አልነበረም። ኋላ የባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ ጨውም ቡናም አቡጀዲም በብረት ላይ ተጭኖ፣ ለባሻ እንደምን አደሩ እንኳ ሳይል፣ እየጮኸ ማለፍ ያዘ። ኬላው ፈረሰ። ለባሻ የቀራቸው ማዕረጋቸው፣ ጢማቸውና ሰንጠረዣቸው ብቻ ሆነ።

ዘርፉ በልጅነቷ ጨርቁን እየዘረጋችና እየሰበሰበች ጨዋታውን ማንም ሳያስተምራት አወቀችው። ለትዳሯ ግን አልበጃትም። የመጀመሪያው ባሏ ሰብስቤ የሚባል የሞጆ ሰው ነበር። በሠርጋቸው በሦስተኛው ሳምንት፣ የሙሽራ ጨዋታ መስሎት፣ ሰንጠረዥ እንጫወት አላት። ከምሳ በኋላ ጀምረው ፀሐይ ሳትጠልቅ አምስት ጊዜ አሸነፈችው። በስድስተኛው ጨርቁን ከነጠጠሩ ወደ ደጅ ወረወረና፣ ያሳደገሽ ይቻልሽ ብሎ ወደ አባቷ ላካት። ሁለተኛው ባሏ ጭራሽ አይጫወትም ነበር። እሱን የተወችው እሷ ናት።

እንዲህ ሆኖ በሃያ ስምንት ዓመቷ አባቷ ቤት ተመልሳ፣ አብዱናሲር ለሚባል የእህል ነጋዴ የተቀደደ ጆንያ እየሰፋች ትኖር ነበር። ባሻ የሚጫወቱት በዚሁ በአብዱናሲር መጋዘን ደጃፍ ነበርና ሥራዋና የአባቷ ጨዋታ በአንድ ጥላ ሥር ሆነ።

የአገራችን ሰንጠረዥ የሚከፈተው በወረራ ነው። ወረራ ላይ ተራ የሚባል የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ዓይናቸውን ከባላጋራቸው እጅ ሳይነቅሉ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪገድል ድረስ እንዲሁ ነው፤ በተራ መጫወት የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ተመልካቹም ቢሆን ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ይመክራል፤ ይሳደባል፤ ምክሩን ያልሰሙት እንደሆነ ራሱ ጎንበስ ብሎ ጠጠሩን ያንቀሳቅሳል። ንጉሡ የተከበበበት ሰው በዚያ ጥላ ሥር የሚወርድበትን ስድብ ገበያ ላይ ቢሰማው ዳኛ ፊት የሚያቆም ነበር።

ባሻ ሲጫወቱ ቢያንስ አሥር መካሪ አላቸው፤ አሥሩም የሚናገሩት ባንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ አንዱ ከበስተኋላቸው፣ ከጆንያው ክምር ላይ የሚመጣ ቀጭን ድምፅ ነበር። መርፌው ሲገባ አንድ ቃል፣ ክሩ ሲሳብ ሌላ ቃል። «ፈረሱን፣ በቀኝ።» ባሻ የሚሰሙት እሱን ብቻ ነው። አሥር ሰው በሚጮህበት መካከል ግን የማንን ምክር እንደሰሙ ማን ይለያል? ሲያሸንፉ አሥሩም እኔ ነኝ የመከርኳቸው ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ። ክብሩ የባሻ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ መቂ ባሻ አብተውን የሚረታ ሰው ጠፋ ተብሎ ተወራ። ባሻም ወሬውን ከሌሎቹ ቀድመው አመኑት።

ለዘርፉም መጀመሪያ ላይ ይኸ ይበቃት ነበር። አባቷ ሲያሸንፉና የተሸነፈውን ንጉሥ «ግባ አንተ ሰነፍ፣ ከረጢትህ ውስጥ» ሲሉት ደስ ይላት ነበር። ኋላ ደስታው እንደ አሮጌ ጆንያ ከሥሩ ሳሳ። ሰው ድሉን እያነሣ ሲጥል እሷ ክር በጥርሷ ትበጥሳለች።

ነገሩን የጠረጠረ አንድ ሰው ነበር፤ የሐዲድ ጠባቂው ገርባ። ገርባ ሐዲዱን በእግሩ እየሄደ የላላ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ነውና የላላ ነገር አያመልጠውም። አንድ ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ዘርፉ» ብሎ ሰላምታ ከሰጣት በኋላ፣ እሷ በጉንፋን ተኝታ በቀረችበት ዕለት ባሻን አንድ የመቂ አህያ ነጂ ሁለት ጊዜ እንዳሸነፋቸው አጫወታት። እንዲያው ገርሞት ነው እንጂ ምንም ማለቱ እንዳልሆነ ጨመረበት። እሷም የዚያን ቀን ነፋስ ነበር አለችው። ገርባ ሐዲዱን ይዞ እየሳቀ ሄደ።

ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ተብሎ በሚጠራበት በዚያ ዘመን፣ ለገሃሩ አጠገብ ሙሴ ኮስታ የሚባሉ ግሪክ ሆቴል ነበራቸው። በአማርኛ ሲሳደቡ የተወለዱበት እስኪመስል የተካኑ ነበሩ። ዘርፉ ፍራሽ ልትሰፋላቸው ሄዳ ከጠረጴዛቸው ላይ የፈረንጅ ሰንጠረዥ አየች። እሳቸውም ተጫዋች አጥተው ከገዛ ግራ እጃቸው ጋር የሚጫወቱ ሰው ነበሩና ሁለት ክረምት ሙሉ አስተማሯት። ሦስተኛው ክረምት ላይ ማስተማሩን ትተው ማማረር ጀመሩ።

የፈረንጁ ጨዋታ ወረራ የለውም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ አንድ ብቻ ነው። ደግሞም በእኛ ዘንድ ፈርዝ የሚባለውና በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ የሚያዘግመው የንጉሥ ባለሟል በእነሱ ዘንድ ንግሥት የምትባል ሴት ናት፤ ከዳር እስከ ዳር በፈለገችው በኩል ትሮጣለች። ይኸ ወሬ አብዱናሲር ደጃፍ የደረሰ ለት ባሻ በጣም ቅር አላቸው። ንጉሡ በአንድ እርምጃ ሲያነክስ ሴቲቱ አገር የምታዳርስበት ቤት የማን ቤት ነው ብለው ጠየቁ።

«የእርስዎ ነዋ፣ ባሻ» አለ ገርባ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘርፉ አልሳቀችም። ባሻም ዘግይተው ሳቁ።

በ፲፱፻፳፩ ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ወሬ መጣ። ሙሴ ዱራን የሚባል ድልድይ የሚሠራ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር፤ በሐዲዱ ዳር ካሉት ፈረንጆች ሁሉ በሰንጠረዥ አንደኛ ነው ይባላል። ባቡሩ አዳማ ላይ ቆሞ ውኃ እስኪሞላና ዕቃ እስኪጭን ድረስ ከከተማው ምርጥ ተጫዋች ጋር ይገጥማል። እሱን ያሸነፈ ወይም ያስጨነቀ፣ በዚያው ባቡር ቲኬት ተቆርጦለት ድሬዳዋ ላይ ከግሪኩም ከአርመኑም ከህንዱም ጋር ሊወዳደር ይሄዳል። ሙሴ ኮስታ የባሻ ልጅ ትግጠም ሲሉ አብዱናሲር ደጃፍ ያለው ሸንጎ በሳቅ ፈረሰ። ባሻ እያሉ?

በዋዜማው ዘርፉ አባቷን እግራቸውን እያጠበች ነገሩን አነሣችው።

«አባባ፣ ይኼን ጨዋታ ለኔ ቢተዉልኝ።»

«ምኑን ነው የምተውልሽ?»

«ወንበሩን።»

ባሻ እግራቸውን ከገበቴው አወጡ። ከኋላቸው ሆና ምን እንደጎደለባት ጠየቋት። የፈረንጅ ጨዋታ ዝም ተብሎ የሚጫወቱት መሆኑን፣ የተናገረ ሰው ከክፍሉ እንደሚወጣ፣ እሷ ከኋላ ብትሆን ድምፅ እንደማታሰማቸው ነገረቻቸው።

«ዝም ተብሎ የሚሠራ ሌብነት ነው» አሉ ባሻ። «አሥር ሰው እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። አዳማን ማን ዝም ያሰኛል?»

«ድሬዳዋ መሄድ እፈልጋለሁ፣ አባባ። በስሜ።»

ባሻ እግራቸውን መልሰው ገበቴው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ልማዱ ሳይሆን ወርዶ ወጣ። «ኬላዬን ባቡሩ ወሰደው። በቅሎ የለኝ፣ መሬት የለኝ። ሰው ሲያየኝ ከመቀመጫው የሚነሣልኝ በዚች ከረጢት ነው። እሷንም ውሰጃት እንግዲህ።»

ዘርፉ እግራቸውን አደረቀችና ውኃውን ደጅ ደፋችው።

በማግስቱ ባቡሩ ገባ። የሙሴ ኮስታ አዳራሽ እስከ መስኮቱ ሞላ፤ መግቢያ ያጣው በመስኮት አንገቱን አስገባ። ሙሴ ዱራን ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነበር፤ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቢራ አዘዘ። ባሻ በርኖሳቸውን ደርበው ገቡ። ዘርፉ እንደ ልማዷ ከኋላቸው ቆመች፤ ጆንያ ስላልነበረ እጇን የምታደርግበት አጣች።

ሙሴ ኮስታ ጀምሩ አሉ። ባሻ ጀመሩ። ፈረንሳዊው ጽዋውን ሳያስቀምጥ ሁለቱን ፈረሶቻቸውን አወጡ፤ አራት እግረኛ ገፉ፤ ፈርዙን አንድ ሰያፍ አስረገጡት፤ ስምንተኛውን ጠጠር አንሥተው ሳሉ ሙሴ ዱራን የቢራ አረፋ በጢሙ ላይ እንዳለ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወደ ሙሴ ኮስታ ዞሮ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ሙሴ ኮስታ፣ ሽማግሌው ታመዋል ወይ እንዳላቸው ለሕዝቡ ተረጎሙ።

«እሱ ነው የታመመው» አሉ ባሻ ተቆጥተው። «እኔ ጦሬን እያሰለፍኩ እሱ ጣቱን እየቆጠረ ይቀመጣል? ያሰልፍ እንጂ። ማን ያዘው?»

ሕዝቡም ያሰልፍ፣ ያሰልፍ አለ። አብዱናሲር ለፈረንሳዊው አዝኖ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ እግረኛ ገፋለት። ሙሴ ዱራን ተነሥቶ ኮፍያውን ፈለገ። ሙሴ ኮስታ በሩ ላይ ቀድመው ያዙት፤ ለምነው መለሱት፤ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው በአማርኛ፣ እዚህ የማይጻፍ ስድብ ተሳድበው፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ አዳራሹን እንደሚዘጉ ማሉ። ጠጠሮቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ። አንድ አንድ ተባለ። ዝም ተባለ።

አዳማ እንዲያ ዝም ብላ አታውቅም። ዝንቡ ተሰማ። ባሻ ጠጠር ያነሡና ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ይጠብቃሉ። ከኋላ የሚመጣ የለም። በስድስተኛው እርምጃ አንድ ፈረስ ሄደባቸው። በዘጠነኛው አንድ እግረኛ፤ በአሥረኛው ሌላ። ንግሥቲቱን ግን እንደ ፈርዝ አንድ እርምጃ በሰያፍ፣ አንድ እርምጃ በሰያፍ እያስኬዱ እንደ ጨዋ ልጅ ከእልፍኝ አላስወጧትም። ላባቸው በጢማቸው ጫፍ ተንጠለጠለ።

ዘርፉ ሁሉን ታያለች። በአራት እርምጃ ውስጥ ምን እንደሚመጣ አየች። አባቷ አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ እንደ ሹም አልነበረም፤ መንገድ እንደጠፋው ሰው ነበር። ብትናገር አዳራሹ ይዘጋል፤ ብትተወው ነገሩ ያልቃል። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዳ ከወንበሩ ጎን ቆመች።

«አባባ፣ ይነሡልኝ።»

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ነገር ግን ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነበርና እስከ መስኮቱ ተሰማ። ባሻ ቀና ብለው አዩዋት። ማንም አልሳቀም። ባሻ ወገባቸውን ይዘው፣ ይኼ የፈረንጅ ወንበር ለወገብ አይሆንም ብለው ለማንም ሳይሆን ተናገሩና ተነሡ። ሙሴ ኮስታ ለፈረንሳዊው ተረጎሙለት። ሙሴ ዱራን ሰዓቱን አይቶ፣ ከፈለገ ከተማው በሙሉ ተራ በተራ ይቀመጥ አለ።

ዘርፉ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያደረገችው ንግሥቲቱን ከእልፍኝ አውጥታ እስከ ጠረጴዛው ማዶ መስደድ ነበር። ሙሴ ዱራን ሁለተኛ ቢራ አዘዘ። የጎደላት ፈረስ ነበረ፤ የቀራትን ፈረስ ከእግረኞቿ መካከል ደብቃ አቆየችው። ፈረንሳዊው ሳያስብ ይጫወታል፤ እሷ አስባ ትጫወታለች። የባቡሩ ውኃ የመሙላት ድምፅ ከውጭ ይሰማል። ሙሴ ዱራን ሦስተኛውን ቢራ ሊጠራ እጁን ሲያነሣ የዘርፉ ፈረስ ከመሸሸጊያዋ ዘላ፣ በአንድ እግሯ ንጉሡን፣ በሌላው ንግሥቲቱን ይዛ ቆመች። የተነሣው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ንጉሡን ሲያሸሽ ንግሥቲቱን በላችበት። ከዚያ ወዲያ ቢራ አልታዘዘም። ብዙ ሳይቆይ ደር የሚባለውን፣ በቀጥታ የሚሮጠውን ጠጠር፣ እስከ ሰንጠረዡ ጫፍ ሰድዳ ንጉሡን ገደለችው።

ሙሴ ዱራን ተነሥቶ ጎንበስ አለና እጇን ጨበጠ። ሕዝቡ ግን አላጨበጨበም፤ ተያየ። በአገራችን ሰንጠረዥ በደር መግደል ተኝቶ ያለ ሰው እንደመምታት ያለ ነውር ነው፤ ደግ ተጫዋች በእግረኛ እስኪገድል ይታገሣል። «በደር?» አለ አብዱናሲር አዝኖ። «እንዲህ ያማረውን ጨዋታ በደር?» ጥቂት ቆይቶ ግን ገርባ «ጋሪዳ»፣ መልካም ነው፣ ብሎ ሲያጨበጭብ ሌላው ተከተለው።

ሙሴ ዱራን ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ስሟን ጠየቀ። ዘርፉ ብላ ነገረችው፤ እሱም ጻፈው። ባቡሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደሚነሣ፣ ማታ አዋሽ ላይ አድሮ በማግስቱ ድሬዳዋ እንደሚገባ ሙሴ ኮስታ አስረዷት። አባቷን በዓይኗ ፈለገች፤ በግርግሩ አላየቻቸውም። ቤቷ ሮጣ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጋቢና የጆንያ መርፌዋን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጉልበት ስማ ለመመረቅ ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

ባሻ አብተው እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ጠጠሮቹን እንደገና ደርድረዋቸዋል፤ ሕዝቡ ከቧቸዋል። ያወራሉ፤ እጃቸው ይሠራል። የፈረንሳዊውን ልብ አውቀው በመጀመሪያ ፈረስ እንዳበሉት፣ እንዲዘናጋ እንደሆነ፣ ከዚያ ልጃቸውን አስቀምጠው ከኋላዋ እንደቆሙ ያስረዳሉ።

«እዚህ ላይ ነው» አሉ ጠጠሩን አንሥተው፣ «ከበስተኋላዋ ሆኜ፣ ፈረሷን ያልኳት።»

ገርባ ጢሙን አሻሸ። «ባሻ፣ ያኔ ሁላችን ዝም ብለን አልነበር?»

«አንተ ዝም ብለህ ነበር።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። የቀረው ዞሮ በሩ ላይ ጥቅሏን ይዛ የቆመችውን ዘርፉን አየ። ባሻም አዩዋት። ፈረሱን በእጃቸው እንደያዙ ነው።

«ዘርፉ» አሉ። «አልነገርኩሽም?»

ውጭ ባቡሩ ፉጨቱን አሰማ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቁት፤ እሷ ስንት ሺህ ቃል እንደሰጠቻቸው የምታውቀው እሷ ናት። አልነገሩኝም ብትል ከዚያ ወንበር የሚነሡበት ጉልበት የላቸውም። ነገሩኝ ብትል የምትሄደው እንደገና ከኋላቸው ሆና ነው። ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ባሻ እሷን እያዩ ፈረሱን አስቀመጡ፤ ያስቀመጡት ግን በተሳሳተ ቤት ላይ ነበር፤ ከዚያ ሆና ፈረሷ ንጉሡንም ንግሥቲቱንም አትይዝም።

ዘርፉ ጎንበስ አለች። ፈረሷን በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ አንድ ቤት ወደ ቀኝ፣ ራሷ ባቆመቻት ስፍራ ላይ አቆመቻት። ሁሉም ጠረጴዛውን አየ። ባሻም አዩ፤ ለረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ እሷ ደህና ሁኑም ሳትል ወጥታለች።